ያልተጠየቀችው ኳስ

ሠላሳ አንድ ዓመት ተማሪ ፈትኛለሁ። ጭኑ ላይ የጻፈውን፣ ካልሲው ውስጥ ወረቀት የወተፈውን፣ ሆዴን ቆረጠኝ ብሎ ሽንት ቤት መጽሐፍ የሚያገላብጠውን፣ አንዴ ሲያስል «ሀ»፣ ሁለቴ ሲያስል «ለ» እያለ ለጓደኛው መልስ የሚያቀብለውን፣ ሁሉንም ይዣለሁ። ተማሪዎቹ በሌለሁበት «ራዳር» ይሉኝ ነበር፤ የማልሰማ ይመስላቸዋል። ጡረታ ስወጣ የሎተሪው መሥሪያ ቤት አስጠራኝና የሕዝብ ታዛቢ አደረገኝ። የሕዝብ ታዛቢ ማለት ዕጣ ሲወጣ መድረኩ ዳር ተቀምጦ አይቶ፣ ሁሉም ነገር በደንቡ መሠረት ተከናውኗል ብሎ የሚፈርም ሰው ነው። እኔ ካልፈረምኩ ማን ሊፈርም ነው ብዬ ተቀበልኩ።

ሥራው በሳምንት አንድ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ ነው። ቀድሜ እደርሳለሁ፤ ዋና ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ሻይ ይቀርብልኛል፤ ከዚያ ወደ አዳራሹ እንገባለን። መድረኩ ላይ ስድስት ማሽኖች ተደርድረዋል። ማሽን ይበሉት እንጂ ከመስታወት የተሠራ ሉል ነው፤ ውስጡ ከዜሮ እስከ ዘጠኝ ቁጥር የተጻፈባቸው ኳሶች አሉ። ከሥር አየር ሲነፋባቸው ይዘላሉ፣ ይተራመሳሉ፣ ከየማሽኑ አንድ አንድ ኳስ ይወጣል። ስድስቱ ቁጥር በማሽኖቹ ተራ ሲገጣጠም የባለዕድሉ ትኬት ነው።

ከዚያ በፊት ግን ሚዛን አለ። ባለሚዛኑ ነጭ ጓንት አጥልቆ እያንዳንዱን ኳስ ከሣጥኑ እያወጣ ይመዝንና ጮክ ብሎ ያነባል። «አርባ ግራም። አርባ ግራም። አርባ ግራም።» እንዲህ እያለ ስልሳ ጊዜ። እንቅልፍ ያመጣል፤ እኔ ግን አይወስደኝም፤ አንዲት ግራም ብትዛነፍ አልምራትም ብዬ ዓይኔን ሚዛኑ ላይ እተክላለሁ።

በመጨረሻ ቅጹ ይመጣል። አምስት ጥያቄ አለው። የሣጥኑ ማሸጊያ ሳይነካ ተገኝቷል ወይ? የኳሶቹ ክብደት እኩል ነው ወይ? ማሽኖቹ ከሁሉም አቅጣጫ ይታያሉ ወይ? ዕጣው በሰዓቱ ተጀምሯል ወይ? ታዛቢው ከማንም ወገን ጫና ሳይደርስበት ፈርሟል ወይ? አምስቱም ላይ «አዎ» ብዬ ምልክት አደርግና እፈርማለሁ። ለተማሪዎቼ በየፈተናው ዋዜማ የምነግራቸው አንድ ነገር ነበረኝ፤ የተጠየቃችሁትን ብቻ መልሱ፣ ባልተጠየቃችሁት ላይ አትድከሙ እላቸው ነበር። ለራሴም የሠራልኝ ምክር ነው።

አሁን ስለ ወንድሜ ልናገር። ታላቄ ነው፤ ጋሼ ነው የምለው። ዕድሜውን የፈጀው ሰባት ቁጥር አውቶቡስ ላይ፣ ትኬት ቆራጭ ሆኖ ነው። መቁጠር በሽታው ነው። ከሰው ጋር እያወራ ይቆጥራል፤ ቀብር ላይ ቆሞ ይቆጥራል፤ የሚስቱ ቀብር ላይ እንኳ መቶ አርባ ሁለት ሰው መጣ ብሎ ነገረኝ። እሷ ከሞተች በኋላ የሚከራይበትን ቤት ለቀቀና እኔ ዘንድ ገባ። ያለኝ ትርፍ ክፍል ከማድ ቤቱ ጀርባ ያለችው ናት፤ በሯ በማድ ቤቴ በኩል ነው። ስለዚህ በወጣና በገባ ቁጥር፣ ምናልባት ከውስጥ ልሆን እችላለሁና፣ «እህ» ብሎ ይስላል። አታስል ብዬዋለሁ። ማን ሰምቶኝ።

አንድ ቀን ድንች እየላጥኩ እንዲሁ ስሎ ገባና፣ «አየሽ፣ ምንም አይጎድለኝም፤ ሳላስል የምገባበት በር ብቻ ነው የናፈቀኝ» አለኝ። ሌላ ምንም አልተመኘም። መኪና አላለ፣ ፎቅ አላለ። አንድ ክፍል፣ የራሱ ቁልፍ። እኔም ልገዛለት አልችልም፤ ጡረታዬ የሚታወቅ ነው።

ጋሼ ሎተሪ ቆርጦ አያውቅም ነበር። «ላም አለኝ በሰማይ ነው» ይል ነበር። እኔ ታዛቢ የሆንኩ ሳምንት ግን ትኬት ይዞ መጣ። ምን ነካህ ስለው፣ «በዕጣው አላምንም፤ በአንቺ ነው የማምነው። አንቺ ፊት ማን ይሰርቃል?» አለኝ። ያን ቀን ልቤ እንዴት እንዳበጠ እኔ ነኝ የማውቀው። ደንቡ የታዛቢ ባልና ሚስት፣ ልጅና ወላጅ ሎተሪ እንዳይቆርጡ ይከለክላል፤ ወንድም የለበትም። ረቂቁ ላይ ነበረበት አሉ፤ ዋና ሥራ አስኪያጁ ሎተሪ የሚወድ ወንድም ስላላቸው ተሰረዘ።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ዓመት፣ በየሳምንቱ፣ በሰባት የሚጀምር ትኬት ይቆርጣል። ሰባት ያበላችኝ ቁጥር ናት ይላል፤ አውቶቡሷን ማለቱ ነው። የሚገዛው ከመንገዳችን ጥግ ጃንጥላ ዘርግቶ ከሚቀመጠው ሎተሪ አዟሪ ነው። ባለጃንጥላው ደግሞ ሁልጊዜ ባለሰባት ትኬት ያስቀምጥለታል። «ለእርስዎ ብዬ ደብቄ ያቆየሁት ነው አባቴ» ይለዋል። አንዳንዴ ከዋጋው ይቀንስለታል፤ የሎተሪ ዋጋ መቀነስ በደንቡ የተከለከለ ነው፣ ግን ለሽማግሌ ሲሆን ምን ይባላል ብዬ ዝም አልኩ። ሰው አለ ገና በዚህ ዓለም እያልኩ እመርቀው ነበር።

ሰባት አልወጣችም። በመጀመሪያው ማሽን ሦስት ይወጣል፣ ዘጠኝ ይወጣል፣ ዜሮ ሳያፍር ሁለት ሳምንት ተከታትሎ ይወጣል። ጋሼ አንድ ቀን፣ «ሰባትስ ምነው ተኛች?» ቢለኝ ተቆጣሁት። ዕድል ማለት ይኸው ነው፣ ኳስ ተራ አይጠብቅም፣ ሒሳብ ተምረህ ቢሆን ይገባህ ነበር አልኩት። እንዲህ ነው እኔ የምናገረው። እሱም ይቅርታ ጠየቀኝ።

የዓመቱ ትልቁ ዕጣ የሚወጣበት ቀን ደረሰና ጋሼ አዳራሹ ውስጥ ገብቼ ልይ አለ። ለሕዝብ ክፍት ነው፤ ማንም ይገባል። ኮቱን አሳጥቦ፣ ትኬቱን በላስቲክ ጠቅልሎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከትቶ መጣ። ሁለተኛው ረድፍ ላይ አስቀመጥኩትና እኔ ወንበሬ ላይ ወጣሁ። እውነቱን ልናገር፣ እንዲያየኝ ፈልጌ ነበር። ስሜ የተጻፈበት ካርድ ጠረጴዛው ላይ ቆሟል፤ የማይክሮፎን ገመድ በአጠገቤ ያልፋል፤ አስተዋዋቂው ጥርሱን እያሳየ፣ «ክብርት የሕዝብ ታዛቢያችን» ይለኛል።

ባለሚዛኑ መዘነ። አርባ ግራም፣ አርባ ግራም። ኳሶቹ ማሽኖቹ ውስጥ ገቡ፤ አየሩ ገና አልተለቀቀም፣ ከሥር ተኝተዋል። ቀና ስል ጋሼ እጆቹን አንሥቶ ዘጠኝ ጣት ያሳየኛል። ሰዓት የሚጠይቀኝ መስሎኝ በዓይኔ ተቀመጥ አልኩት። ጭራሽ ተነሥቶ መጣ። ጠረጴዛዬ አጠገብ ሲደርስ፣ «እህ» ብሎ ሳለ፤ ልማድ ሆኖበታል። ከዚያ ጎንበስ ብሎ፣

«እህቴ፣ የመጀመሪያው ማሽን ዘጠኝ ተሳፋሪ ነው ያለው» አለኝ። «አምስቱ አሥር አሥር ናቸው። እዚያኛው ላይ አንድ ሰው ቀርቷል።»

«ሂድ ተቀመጥ፣ አታዋርደኝ» አልኩት።

«ቁጥራቸውን ከዚያ ሆኜ ማንበብ አልቻልኩም፤ ዓይኔ ደክሟል። ብዛታቸውን ግን አልሳሳትም። አንቺ ቁጠሪያቸው።»

ቆጠርኩ። ዜሮ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት፣ ስድስት፣ ስምንት፣ ዘጠኝ። እንደገና ቆጠርኩ። ሰባት የለችም። መቶ ሃምሳ ስድስት ሳምንት እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ፤ የተማሪ ካልሲ ውስጥ የማየው ሴትዮ አሥር ኳስ ቆጥሬ አላውቅም። ባለሚዛኑ ስልሳ ጊዜ አርባ ግራም ሲል ስሰማ የከረምኩት ሃምሳ ዘጠኝ ጊዜ ኖሯል።

«ልክ ነህ ጋሼ» አልኩት። የጎደለችው የትኛዋ እንደሆነች አልነገርኩትም። «ሂድ ቁጭ በል፤ አሁን አስተካክለዋለሁ።»

«አውቄያለሁ» አለና ወደ ቦታው ተመለሰ። ፊቱ ላይ የነበረው መተማመን ነው እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ።

አስተዋዋቂውን አምስት ደቂቃ አስፈቅጄ ከመድረኩ ጀርባ ወዳለው የዋና ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባሁ። እሳቸውም፣ የመሥሪያ ቤቱ የሕግ አማካሪዋም፣ ባለሚዛኑም ተከተሉኝ። በሩን ዘጋሁና፣ «የመጀመሪያው ማሽን ውስጥ ሰባት የለችም» አልኩ።

ማንም አልደነገጠም። እኔን ያስደነገጠኝ ይሄ ነው።

«አዎ፣ እሷ ጊዜያዊ ናት» አሉ ዋና ሥራ አስኪያጁ።

«ምኗ ነው ጊዜያዊ?»

«አለመኖሯ።»

ባለሚዛኑ ጓንቱን እያወለቀ አስረዳኝ። ከሦስት ዓመት በፊት፣ እኔ ልቀጠር ሳምንት ሲቀረኝ፣ የሰባት ቁጥሯ ቀለም ደብዝዞ ነበርና እንደገና ተቀባች። ስትመዘን አርባ ሁለት ግራም ሆነች። ደንቡ ክብደቱ ያልተስተካከለ ኳስ ከማሽኑ ይወገዳል ይላል። ተወገደች። ወደ ምዘና መሥሪያ ቤት ተላከች፤ እነሱም ትርፍ ቀለሟን ፍቀው ልክ አርባ ግራም አድርገው ከዓመት በኋላ ከደብዳቤ ጋር መለሷት።

«ታዲያ ተመለሰች አይደል እንዴ? የታለች?»

ሦስቱም ወደ ጠረጴዛው አዩ። የደብዳቤ ክምር ላይ ተቀምጣለች፤ ነፋስ ወረቀቱን እንዳይወስደው ከላይ ተጭናለች። ሁለት ዓመት ሙሉ እዚህ ወንበር ላይ ሻይ ስጠጣ ፊት ለፊቴ የነበረች ኳስ። አንድ ቀን እንዲያውም ጣቴን አሳርፌባት፣ ጌጥ መስላኝ፣ ታምራለች ብያለሁ። ደሜ ፈላ፤ በማን ላይ እንደፈላ ግን እኔም በደንብ አልለየሁትም።

«እና ለምን አትገባም?»

«የሚያስገባ አንቀጽ የለማ» አለች የሕግ አማካሪዋ። ልጅ ናት፤ ትሕትና ግን አላት፣ እትዬ ነው የምትለኝ። «እትዬ፣ ደንቡ ይወገዳል ይላል እንጂ ይመለሳል አይልም። ለመመለስ የኳስ አጽዳቂ ኮሚቴ መሰብሰብ አለበት። አባላቱ አምስት ነበሩ፤ ሁለቱ ጡረታ ወጡ፣ አንዱ ወደ ውሃና ፍሳሽ ተዛወሩ። ምልዓተ ጉባኤ አይሞላም።»

«ከሕዝቡ አሥረኛው እጅ የሚቆርጠው ትኬት በሰባት ይጀምራል። ለምን አትማችሁ ትሸጣላችሁ?»

«ማተሚያ ቤቱን የሚያዝ ሌላ ክፍል ነው» አለ ባለሚዛኑ።

ዋና ሥራ አስኪያጁ እጃቸውን አነሡ፤ ማስታረቅ ይወዳሉ። «እትዬ፣ እኔ አምና ለልምድ ልውውጥ ውጭ ሄጄ ነበር። በአንዱ አገር ኳሶቹ የሚያድሩት ባለሁለት ቁልፍ ካዝና ውስጥ ነው፤ አንዱን ቁልፍ መሥሪያ ቤቱ፣ ሌላውን ገለልተኛ ኦዲተር ይይዘዋል። በሌላው አገር ሕፃናት ናቸው ቁጥሩን እያዜሙ የሚያወጡት፤ እንባ ያመጣል። አንዱ ጋ ደግሞ ኳስ የሚባል ነገር የለም፣ ሁሉን ኮምፒውተር ነው የሚሠራው። የኛን ሳስረዳቸው፣ ሕዝብ መርጣችሁ ታስፈርማላችሁ? ብለው አደነቁን።»

«ኳሱን ይቆጥራሉ?»

«እነማን?»

«ባለሁለት ቁልፎቹ።»

«አልጠየቅኳቸውም» አሉ።

ኳሷን ከክምሩ ላይ አነሣኋት። ወረቀቶቹ ተንሸራተው ወለሉ ላይ ተበተኑ፤ ባለሚዛኑ ሊለቅም ጎነበሰ። «እኔ ራሴ ወስጄ እከታታለሁ» አልኩ። «በሕዝብ ፊት። አርባ ግራም ናት፣ ደብዳቤ አላት፣ ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋላችሁ?»

የሕግ አማካሪዋ አልጮኸችም፣ አልከለከለችኝም። «እትዬ፣ እዚያ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ያሉት ወንድምዎ ናቸው አይደል?» አለችኝ።

«ናቸው።»

«ትኬታቸው በስንት ነው የሚጀምረው?»

ሰባቷን በመዳፌ ሸፈንኩ።

«አየሽ» አሉ ዋና ሥራ አስኪያጁ፣ ከእትዬነት ወደ አየሽ እንዴት እንደወረድኩ አላወቅኩም። «ሦስት ዓመት ያልወጣች ሰባት፣ የታዛቢዋ ወንድም ሰባት ይዞ በመጣ ቀን፣ በታዛቢዋ እጅ ገብታ ብትወጣ ሰው ምን ይላል? እኛን ሳይሆን አንቺን ነው የሚሰቅሉሽ።»

«እንግዲያው አልፈርምም።»

«መብትዎ ነው» አለች የሕግ አማካሪዋ። «ዕጣው ይሰረዛል። ምርመራ ይከፈታል። መርማሪው መጀመሪያ የሚያወጣው እርስዎ የፈረሙባቸውን መቶ ሃምሳ ስድስት ቅጾች ነው። ሰባት የተወገደችው እርስዎ ሳይቀጠሩ ነው፤ በእርስዎ ዘመን አሥር ኳስ አንድም ቀን ኖሮ አያውቅም።» ከፋይሏ ውስጥ የዛሬውን ቅጽ አወጣችና ፊቴ ዘረጋችው። «እስቲ ይዩት፤ የትኛው ጥያቄ ላይ ነው የሚዋሹት? ማሸጊያው አልተነካም። ክብደቱ እኩል ነው። ማሽኑ ይታያል። በሰዓቱም እንጀምራለን፣ ሁለት ደቂቃ አለን። ስንት ኳስ እንዳለ ማን ጠየቀዎት?»

የራሴን ምክር ነው የምትመልስልኝ። የዚህች ልጅ አስተማሪ ማን ነበረ ብዬ ፊቷን አየሁ፤ ፈትኛት ይሆን? ብትሆንም አይገርመኝም። ያሳደግነው ሁሉ እንዲህ ነው የሚነክሰን።

«አምስተኛውስ? ጫና ሳይደርስበት የሚለው?»

ዋና ሥራ አስኪያጁ ቅር አላቸው። «ምን ጫና አደረግን? ሻይ ነው ያቀረብነው።»

የመድረኩ ደወል ጮኸ። ሁሉም ወረቀታቸውን ሰብስበው ተጣደፉ፣ እኔም ተነሣሁ። ኳሷ እጄ ላይ ነበረች፤ በር ላይ ስደርስ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኳት። እምላለሁ፣ መድረኩ ላይ ስወጣ አውጥቼ ልጨምራት ነበር። ከበሩ እስከ ማሽኑ ያለው ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው። በሃያው እርምጃ ውስጥ ያሰብኩት ግን ስለ ጋሼ በር አልነበረም። ስሜን ነው ያሰብኩት። ራዳር ታወረች ሲሉ፣ ከወንድሟ ጋር ተመሳጠረች ሲሉ፣ ያባረርኳቸው ተማሪዎች ሁሉ ጋዜጣ ገዝተው ሲያነቡኝ ታየኝ። ማሽኑን አልፌ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ።

ጋሼ አየኝ። ሁለቱን እጆቹን ዘርግቶ አሥር ጣት አሳየኝና ቅንድቡን አነሣ፤ አሥር ሆኑ? ማለቱ ነው። ከዚያ ርቀት ጭፈራ የጀመሩ ኳሶችን ማንም ሊቆጥር አይችልም፤ አየሩ ተለቋል። ቅጹ ፊቴ ነበርና አንገቴን ደፋሁ። እሱ ግን «አዎ» ያልኩት መሰለው። ትኬቱን ከላስቲኩ አውጥቶ ጉልበቱ ላይ አስተካከለና በሁለት እጁ ያዘ፤ ልክ እንደ ልጅ።

የመጀመሪያው ማሽን አራትን አወጣ። የቀሩት አምስት ቁጥሮች ምን እንደነበሩ አላስታውስም። አዳራሹ አጨበጨበ። አምስቱም ላይ «አዎ» አልኩና ፈረምኩ።

ወደ ቤት በአውቶቡስ ተመለስን። ጋሼ እንደ ልማዱ መስኮት ዳር ተቀመጠ፤ እኔ ቦርሳዬን ጉልበቴ ላይ አድርጌ አጠገቡ። ገና ሳንንቀሳቀስ፣ «ሃያ ሦስት» አለ፤ ተሳፋሪውን ማለቱ ነው። አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ፣

«ኳሷ ተገኘች?» አለኝ።

«ተገኘች» አልኩት።

የተጠየቅኩትን ብቻ ነው የመለስኩት።

«አየሽ፣ አንቺ ባትኖሪ ማን ይሰማኝ ነበር?» አለ። ከዚያ ወደ ውጭ እያየ፣ ለራሱ እንደሚያወራ፣ «የየትኛው ምስኪን ቁጥር ይሆን? በየሳምንቱ ትኬት እየቆረጠ፣ ዛሬ ነገ እያለ የሚጠብቅ። ሳይኖር እኮ ነው የሚጠብቀው። ነፍሱን ይማረው የሚባለው እንዲህ ያለው ነው» አለ። አዘነለት፣ ከልቡ። እኔ ቦርሳዬን አጥብቄ ያዝኩ።

በማግሥቱ ጥጉ ላይ ባለጃንጥላው ጋ ሄጄ፣ ሰባት እንዴት ነች ብዬ ጠየቅኩት። ትኬቶቹን በመያዣው እያስተካከለ ሳቀ።

«ሰባትማ ከሞተች ሦስት ዓመቷ። እኛ አዟሪዎቹ ሁላችንም እናውቃለን። ለቸኮለ፣ ለሰከረና ለወንድምዎ ነው የምንሸጣት።»

«አታፍርም? አባቴ እያልክ! ለምን አልነገርከውም?»

«እናቴ» አለኝ ሳይቆጣ፣ «መጀመሪያ ነግሬያቸው ነበር። ሰባት አትወጣም፣ በሌላ ይቁረጡ አልኳቸው። እህቴ ናት እኮ የምትፈርመው፣ ብትጎድል ታይ ነበር አሉኝ። እርስዎ እየፈረሙ እኔ ምን ልበል?»

በባለሥልጣኖቹ የጀመርኩት ቁጣ በባለጃንጥላው በኩል አድርጎ ወደ ራሴ ሊመጣ ሲል ቀድሜው ወደ ቤት ሄድኩ። ቦርሳዬ ውስጥ እጄን ስከት ያች ኳስ አለች። ልመልሳት? ማን ወሰዳት ይባላል። ልጣላት? አንጀቴ አልቻለም። ማድ ቤት ገባሁና ማንኪያና ሹካ ከማስቀምጥበት መሳቢያ ውስጥ፣ ከሳህን መጥረጊያው ጨርቅ ሥር ከተትኳት።

በሚቀጥለው ሳምንት ዓይኔን በጨው አጥቤ ሥራ ገባሁ። ሻይ ቀረበልኝ። ዋና ሥራ አስኪያጁ በጣም ተደስተው ነበር፤ እጄ ላይ አይተዋት ሳለ ማን ወሰዳት ብለው አልጠየቁም፤ ኳሷ ስለጠፋች ጉዳዩ ራሱን ዘግቷል፣ የሌለ ኳስ አይመለስም፣ ፋይሉ መዝገብ ቤት ወርዷል። ወረቀቱ ላይ አሁን ድንጋይ ነው የጫኑት። ደንቡም ተሻሽሎ ጠበቀኝ። ሦስት ዓመት አልሰበሰብ ያለው ኮሚቴ ለዚህ በአንድ ጠዋት ሞልቷል። አዲሱን አንቀጽ ሁለቴ ነው ያነበብኩት፤ የታዛቢ ወንድም ዕጣ ወደሚወጣበት አዳራሽ መግባት አይችልም ይላል። ቅጹ ግን አልተነካም። አምስት ጥያቄ ነው። መቶ ሃምሳ ስምንተኛውን ፈረምኩ።

ጋሼ ስለ አዲሱ አንቀጽ አያውቅም። ትናንት ማድ ቤት ውስጥ ሽንኩርት ስከትፍ፣ «እህ» ብሎ ሳለና ገባ። ድሮ ሳሉን ስሰማ ያሳዝነኝ ነበር፤ አሁን መሳቢያውን እንድዘጋ ጊዜ ይሰጠኛል። አዲስ ትኬት ይዟል፤ በሰባት ይጀምራል። ባለጃንጥላው በግማሽ ዋጋ ሰጠው፤ ያኔ የተቆጣሁት ሳይከነክነው አልቀረም።

«በዚህ ሳምንትም ልምጣና ልቁጠርላችሁ?» አለኝ። «አንዴ የጎደለ ነገር ደግሞ ሊጎድል ይችላል።»

«ምን ያደርግልሃል፣ ተራ መጠበቅ ብቻ ነው» አልኩት ሽንኩርቱን ሳልተው። «እኔ አለሁ አይደል?»

«እሱስ ልክ ነሽ» አለ። ትኬቱን በደንብ አጥፎ ሰጠኝ፤ ኪሱ ውስጥ ላብ ያበላሸዋልና እኔ ዘንድ እንዲቀመጥለት ይፈልጋል። ወደ ክፍሉ ሲገባ በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው። እጄን አጥቤ መሳቢያውን ከፈትኩና ትኬቱን ከጨርቁ ሥር፣ ከኳሷ አጠገብ አስቀመጥኩለት።